ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ፦ ሙቀትን፣ ከባቢ አየርንና የአየር ንብረትን በቡድን ሥራ ማስተማር

ደሴ ላይ ጃኬቱን ዘግቶ ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ዚፑን ይከፍታል። ኮምቦልቻ መናኸሪያ ሲደርስ ጃኬቱ ክንዱ ላይ ነው። ይህን የማያውቅ የደሴ ልጅ የለም። ግን ክፍል ገብታችሁ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ደሴ ከኮምቦልቻ በላይ ነው። ለፀሐይ የሚቀርበው ደሴ ነው። ታዲያ ለምንድን ነው ኮምቦልቻ የሚሞቀው?» አንዱ «ደሴ ንፋስ ስላለ» ይላል። አንዷ «ኮምቦልቻ ፋብሪካ ስላለ ነው ቲቸር» ትላለች። ከኋላ ያለው ደግሞ «ቆላ ስለሆነ» ብሎ ይገላገላል።

መልሱ አልተገኘም፤ ጥያቄው ግን ገብቷቸዋል። እኔ ደሴ ላይ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሙቀትን፣ ከባቢ አየርንና የአየር ንብረትን የምጀምረው ሁልጊዜ ከዚህ ጥያቄ ነው። ከጂኦግራፊ መምህሩ ባልደረባዬ ጋር ሆነን ዓመቱን ሙሉ በቡድን ሥራ እናስኬደዋለን። እንዴት እንደምናደርገው እዚህ ልጻፈው። በተለይ ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት ለምታስተምሩ ነው የምጽፈው። በ2014ቱ ጦርነት ወሎ ውስጥ ብዙ ትምህርት ቤቶች ዕቃቸውን አጥተዋል። ለዚህ ሥራ ግን ጥቂት ቴርሞሜትር፣ ባዶ ሃይላንድ፣ ማስመሪያና ደብተር ይበቃል። መብራት አያስፈልግም። ለልጆቹ የሚያስፈልጋቸው ተዳፋት ደግሞ እዚሁ በራቸው ላይ አለ።

ቡድኑን ስታዋቅሩ

የቡድን ሥራ የሚበላሽበትን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዱ ጎበዝ ይሠራል፣ አራቱ ስማቸውን ያጽፋሉ። ለአሥራ ሁለት ቡድን አንድ ዓይነት ጥያቄ ከሰጣችሁ የምትሰበስቡት አንድ ሥራና አሥራ አንድ ግልባጭ ነው። ልጆቹን አልወቅስም። ጥያቄው ራሱ ቅዱኝ የሚል ነው።

መፍትሔው፣ እያንዳንዱ ቡድን ሌላው ቡድን የሚፈልገው ቁጥር እንዲኖረው ማድረግ ነው። ኮምቦልቻን የያዘው ቡድን ካልለካ ደሴን የያዘው ቡድን ግራፉን መሥራት አይችልም። ያን ጊዜ ጠያቂው መምህሩ መሆኑ ይቀራል። «የትናንቱን ስጡን እንጂ!» እያሉ እርስ በርሳቸው ይካሰሳሉ። ይህ ክስ ሲጀመር ሥራው መስመር ይዟል ማለት ነው።

በአንድ ቡድን አምስት ልጅ ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን የሚለኩት ሁለቱ ናቸው፣ ሌሎቹ ያያሉ። ለካኝ፣ ጸሐፊ፣ አስሊ እያላችሁ ሥራ ስትከፍሉ በየሁለት ሳምንቱ አዙሩት። ጽሕፈቷ ስለሚያምር ብቻ ዓመቱን ሙሉ ጸሐፊ ሆና የምትቀር ልጅ ቴርሞሜትር ሳትይዝ ክፍሉን ትጨርሳለች። ይህ እንዳይሆን አደራ። የማለዳ ልኬት ስትመድቡም የቤታቸውን ሁኔታ ጠይቁ። ሌሊት ተነስታ ውሃ የምትቀዳ፣ እሳት የምታነድ ልጅ «ሥራ አለብኝ» ብላ ከቡድኑ ትቀራለች። እሷ ምድጃው አጠገብ እያለች የሚለካ ነገር ስጧት። ከታች እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ቴርሞሜትሮቹን አመሳክሩ

ገበያ ላይ የሚገኙ ቴርሞሜትሮች እርስ በርሳቸው አይስማሙም። የአንድ ወይም የሁለት ዲግሪ ልዩነት የተለመደ ነው። እኛ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል የምንፈልገው ልዩነት ደግሞ አራት ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ይህን ማለፍ አይቻልም። ከጁስ ቤት በረዶ አምጡ፣ ፈጭታችሁ ከውሃ ጋር ቀላቅሉት፣ ሁሉንም ቴርሞሜትር ክተቱበት። ዜሮ ማንበብ አለበት። አንድ ዲግሪ ከፍ ብሎ ካነበበ ፕላስተር ለጥፋችሁ «አንድ ቀንስ» ብላችሁ ጻፉበት። በረዶ ካልተገኘ ሁሉንም አንድ ባልዲ ውሃ ውስጥ አድርጉና የትኛው ከየትኛው እንደሚለይ መዝግቡ።

ሜርኩሪ ያለበትን ለልጅ አትስጡ፤ ቢሰበር መርዝ ነው። ቀይ ፈሳሽ ያለው ይሻላል። ግን እስከ ስንት እንደሚያነብ እዩ። የክፍል ሙቀት የሚለካው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው እስከ 50 ብቻ ስለሆነ የፈላ ውሃ ውስጥ ከገባ ይፈነዳል። የትኩሳት መለኪያም ለዚህ አይሆንም።

የሚፈላ ውሃን «100 ነው» ብላችሁ ማመሳከሪያ እንዳታደርጉት። ምክንያቱን ልጆቹ ራሳቸው ያገኙታል።

የመጀመሪያው ሥራ፦ ውሃ ስንት ላይ ይፈላል?

ይህን ለማለዳ ምድጃ ባለቤቶቹ ልጆች ስጡ። ለሻይ የተጣደው ውሃ ሲንተከተክ ቴርሞሜትሩን ውሃው ውስጥ፣ የድስቱን ታች ሳይነኩ ያንብቡ። መጽሐፉ 100 ይላል። ደሴ በግምት 2,500 ሜትር ላይ ስለሆነች የሚያገኙት 92 አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር ትንሽ ከፍ ስለምትል እዚያ ያለው ቡድን 94 አካባቢ ያገኛል።

ልጆቹ ሲመጡ አንገታቸውን ደፍተው ነው። «ቲቸር ተሳስተናል፣ 92 ነው የመጣው» ይላሉ። እዚህ ላይ ቶሎ ብላችሁ አትንገሯቸው። «ቴርሞሜትሩ በበረዶ ዜሮ አንብቦ የለም? ታዲያ አሁን ለምን ይዋሻል?» በሏቸው። የራሳቸውን ልኬት አምነው ከመጽሐፉ ጋር የሚሟገቱበት ቀን ለእኔ ከዓመቱ ቀኖች ሁሉ ይበልጥብኛል። መጽሐፉም አልተሳሳተም። 100 ማለቱ በባሕር ጠለል ላይ ነው። እዚያ የአየር ግፊቱ 1,013 ሄክቶፓስካል ነው። ደሴ ላይ ግን የዚያ ሦስት አራተኛ ገደማ፣ ወደ 750 ነው። ከላይ የሚጫነው አየር ሲቀንስ ውሃው በትንሽ ሙቀት ያመልጣል። በየ300 ሜትሩ የመፍላቱ ነጥብ አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ባቄላ ደሴ ላይ ቶሎ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። ውሃው ቢንተከተክም የሚያበስለው ሙቀት ከ92 አያልፍም። ይህን ቤት ሄደው ለእናታቸው ያስረዱ፤ የቤት ሥራው ይኸው ነው።

ግፊቱን በዓይን የሚያሳይ ሌላም መንገድ አለ። አንድ ልጅ ደሴ ላይ ባዶና ደረቅ ሃይላንድ ክዳኑን አጥብቆ ይዝጋና ኮምቦልቻ ይዞት ይውረድ። ሲደርስ የጠርሙሱ ጎን ይሰረጉዳል። ኮምቦልቻ ላይ የተዘጋ ደግሞ ደሴ ሲወጣ ይወጠራል፤ ሲከፈት «ፍስ» ይላል። ከባቢ አየር ክብደት እንዳለው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ እኔ አላገኘሁም።

ሁለተኛው ሥራ፦ በአንድ ሰዓት፣ በብዙ ቦታ

አሁን ወደ ጃኬቱ ጥያቄ። ብዙ መምህር ልጆቹን ሚኒባስ ላይ አሳፍሮ እየወረዱ እንዲለኩ ያደርጋል። እኔ አልመክርም። የመኪናውን ሙቀት ነው የሚለኩት። ሲወርዱ ደግሞ ሰዓቱም ይሄዳል፤ ልዩነቱ የከፍታው ይሁን የሰዓቱ አይታወቅም። የሚሻለው በአንድ ሰዓት፣ በተለያየ ቦታ፣ ባለበት ቆሞ መለካት ነው።

የደሴ ልጅ ኮምቦልቻ ወይም ሐይቅ ከተማ ወይም ኩታበር ዘመድ አያጣም። ባቲ ከኮምቦልቻም ዝቅ ስለምትል፣ እዚያ አክስት ያላት ካለች ወርቅ ናት። ወደ ሚሌ የሚመላለስ ሹፌር አጎት ካለ ደግሞ ከ500 ሜትር በታች የሆነ ቦታ አገኛችሁ ማለት ነው። ከእኛ ሁለት ሺህ ሜትር በታች! ኮምቦልቻ ካለ ትምህርት ቤት ጋር ብትጣመሩ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ቅዳሜ ቀን ልክ 9 ሰዓት ላይ ሁሉም ያነባል፤ ቁጥሩን በቴሌግራም ይልካል።

ደንቡ ጥብቅ ይሁን። ቴርሞሜትሩ ጥላ ውስጥ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ፣ ንፋስ የሚያገኘው ቦታ ላይ ይሁን። ግድግዳና ቆርቆሮ አይንካው። ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ቴርሞሜትር የራሱን ግለት እንጂ የአየሩን ሙቀት አይለካም። አሥር ደቂቃ ጠብቀው ያንብቡ፤ አምፖሏን (ፈሳሹ የተጠራቀመበትን ጫፍ) በእጃቸው አይያዙ። የስልክ አፕሊኬሽን ላይ ያለውን ቁጥር ደግሞ ፈጽሞ አትቀበሉ። እሱ በኮምፒውተር የተሰላ ግምት ነው፤ ሰፈራቸው ላይ ቆሞ የለካው የለም። ለማነጻጸር ከልኬቱ በኋላ ይዩት። ልዩነቱም ራሱን የቻለ ጥሩ ጥያቄ ይወጣዋል።

ነጥቦቹን በከፍታና በሙቀት ግራፍ ላይ ያስቀምጡ። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል ተብሎ ይጠበቃል። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ስድስት መቶ ምናምን ሜትር ስላለ አራት ዲግሪ ገደማ መሆኑ ነው። የልጆቹ ቁጥር ልክ በልክ አይመጣም። አንድ ቅዳሜ ሦስት፣ ሌላ ቅዳሜ ስድስት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ብዙ ቅዳሜ ይለኩና አማካዩን ያውጡ።

መልሱን አሁን ስጧቸው። ፀሐይ ከእኛ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ስድስት መቶ ሜትር መቅረብ ምንም አይደለም። አየሩ ደግሞ የፀሐይን ብርሃን አብዛኛውን ያሳልፈዋል። የሚሞቀው መሬቱ ነው፤ መሬቱ ነው መልሶ አየሩን ከሥር የሚያሞቀው። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ እየቀነሰ ይሄዳል፣ አየሩ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ይቀዘቅዛል። ያ የተወጠረ ሃይላንድና ይህ ቅዝቃዜ አንድ ታሪክ ናቸው። ሁለቱን ልጆቹ ራሳቸው ካገናኟቸው እናንተ ዝም በሉ።

ደንቡ የሚገለበጥበት ማለዳ

ህዳርና ታህሳስ ሲመጣ ልኬቱን ወደ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል አዙሩት። ቡድኖቹን በአንድ ተዳፋት ላይ፣ አንዱን ከሸለቆው ሥር፣ አንዱን ወገቡ ላይ፣ አንዱን ከፍ ካለው ቦታ አቁሟቸው። ጦሳ ተራራ ሥር ለምትኖሩ ቦታ አያሳጣም። ሰማዩ ጠርቶ ንፋስ ባልነበረበት ሌሊት ማግስት ከታች ያለው ቡድን ከመካከለኛው ያነሰ ሙቀት ያገኛል። ገና ያጠኑት ደንብ ተገለበጠ!

ገበሬ ቤተሰብ ያላቸው ልጆች ይህን ከእናንተ በፊት ይመልሱታል። ውርጭ የሚመታው ጉድጓዳማውን ማሳ እንደሆነ፣ ወገቡ ላይ ያለው ሰብል እንደሚተርፍ ያውቃሉ። ምክንያቱን ብቻ ጨምሩላቸው። በጠራ ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል። የቀዘቀዘው አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ተዳፋቱን ይዞ ይወርድና ታች ይተኛል። ፀሐይ ወጥታ መሬቱን እስክታሞቀው ድረስ እዚያው ነው። የማለዳ ጭስ ቀጥ ብሎ ከመውጣት ይልቅ ሸለቆው ላይ ተዘርግቶ የሚታየውም ለዚህ ነው። ልጆቹ ጭሱን ፎቶ አንስተው ከቁጥሩ አጠገብ ይለጥፉት።

ቆርቆሮ፣ አፈርና ውሃ

ኮንዳክሽን (በንክኪ)፣ ኮንቬክሽን (በአየርና በውሃ ዝውውር) እና ራዲየሽን (በጨረር) የሚሉትን ሦስቱን የሙቀት መተላለፊያ መንገዶች ልጆቹ በቃላቸው ይዘዋቸው ይመጣሉ። ወደ ቤታቸው ጣሪያ መልሷቸው። ሦስት እኩል ካርቶን ይውሰዱ። አንዱን በቁራጭ ቆርቆሮ፣ ሁለተኛውን በሳር፣ ሦስተኛውን በቆርቆሮ ሆኖ ከሥሩ የጨርቅ ኮርኒስ ባለበት ይክደኑ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ውስጥ አስቀምጠው በየአሥር ደቂቃው ውስጡን ያንብቡ። ከዚያ ማታም ይድገሙት፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ቀን ያቃጠለው ቆርቆሮ ሌሊት ከሁሉም ቀድሞ ይቀዘቅዛል። ጠዋት የሚያንጠባጥበው ውሃ ከዚያ የመጣ ነው። የቤቱ እርጥበት ከቀዝቃዛው ብረት ሲገናኝ ወደ ጠብታ ይለወጣል።

አፈርና ውሃ አጭር ሥራ ነው፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ያልቃል። እኩል ክብደት ያለው ደረቅ አፈርና ውሃ በሁለት ሳህን ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። አፈሩ ቀድሞ ይሞቃል፣ ጥላ ሲሆንም ቀድሞ ይቀዘቅዛል። አንድ ኪሎ ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ ወደ 4,186 ጁል ያስፈልጋል፤ ለደረቅ አፈር ከዚያ ሩብ እንኳ አይሞላም። ሐይቅ አጠገብ የምታስተምሩ ይህን ይዛችሁ ውሃው ዳር ውረዱ። ቀን ንፋሱ ከውሃ ወደ የብስ፣ ሌሊት ከየብስ ወደ ውሃ ይነፍስ እንደሆነ ልጆቹ በክር ይፈትሹ።

ሙቀትና የሙቀት መጠን የሚምታታባቸው ካሉ ሁለት ባልዲ በቂ ነው። ሁለቱም ውስጥ አምስት አምስት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አድርጉ። በአንዱ 80 ዲግሪ የሆነ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጨምሩ፤ በሌላው 40 ዲግሪ የሆነ አምስት ሊትር። ልጆቹ ከመጨመራችሁ በፊት ይገምቱ። ብርጭቆው ባልዲውን ሁለት ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ያደርገዋል፤ ለብ ያለው አምስት ሊትር ደግሞ ከአሥር ዲግሪ በላይ። የብርጭቆው የሙቀት መጠን ይበልጣል፤ የያዘው ሙቀት ግን ያንሳል።

ጥላ የሌለው ቀትር

ሚያዝያ ላይ ግቢው መካከል ቀጥ ያለ እንጨት ትከሉ። በየቀኑ የቀትር ጥላውን ርዝመትና አቅጣጫ የሚመዘግብ ቡድን ይኑር። የደሴ ቀትር 6 ሰዓት ላይ አይደለም፤ 6 ሰዓት ከ20 አካባቢ ነው፣ ሰዓታችን የተሰላው ከእኛ በስተ ምሥራቅ ባለ መስመር ስለሆነ። ደሴ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ ሚያዝያ 12 አካባቢና ነሐሴ 18 አካባቢ ፀሐይ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ እንጨቱ ጥላ ያጣል። በሁለቱ መካከል ደግሞ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። ጥላ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ነው ብለው ያደጉ ልጆች ግቢ ውስጥ ቆመው ሲከራከሩ ማየት ደስ ይላል። ወቅት የሚመጣው ምድር ለፀሐይ በመቅረቧና በመራቋ ነው የሚለው ስህተትም እዚህ ይወድቃል። ምድር ለፀሐይ እጅግ የምትቀርበው በታህሳስ መጨረሻ ነው፤ በውርጫችን ወቅት።

ዝናቡን መለካት፣ አረጋውያኑን መጠየቅ

የዝናብ መለኪያ ከሁለት ሊትር ሃይላንድ ይሠራል። ጎኑ ቀጥ ያለውን ምረጡ። አንገቱ መጥበብ ከሚጀምርበት ቆርጣችሁ የላይኛውን ቁራጭ ገልብጡና ዝናቡን ወደ ውስጥ እንዲያፈስ የታችኛው አፍ ላይ አስቀምጡት። የጠርሙሱ ታች ጎርባጣ ስለሆነ ውሃ አድርጉበት፤ ቀጥ ያለው ጎን ላይ ሲደርስ መስመር አስምሩና ዜሮ በሉት። ከዚያ በላይ በሚሊሜትር ያነባሉ። ከዛፍና ከቤት ቢያንስ የቁመታቸውን እጥፍ ይራቅ፤ ፍየል እንዳይገፋው በካስማ ይታሰር። ንባቡ በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ውሃው እስከ ዜሮው መስመር ይመለሳል። አንድ ሚሊሜትር ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። የትምህርት ቤቱን ጣሪያ ስፋት ለክተው ትናንት ማታ ስንት ሊትር እንደወረደ ያስሉ። ኮምቦልቻ የሜቴዎሮሎጂ ጣቢያ ስላለ፣ ደብዳቤ ጽፋችሁ ልጆቹን ይዛችሁ ሄዳችሁ መሣሪያዎቹን አሳዩአቸው።

የአንድ ዓመት ዝናብ ግን የአየር ንብረት አይደለም። ሳይንቲስቶች የአየር ንብረት ብለው የሚወስዱት የ30 ዓመት አማካይ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ያንን አላየም። ያዩት አያቶቹ ናቸው። ስለዚህ አንድ ቡድን አረጋውያንን ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ጥያቄው ሁሉን ነገር ይወስናል። «አባባ፣ ዝናቡ ቀንሷል?» ብሎ የጠየቀ ልጅ «አዎ ልጄ፣ ምን ዝናብ አለና» የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል። ያ ትዝታ ነው፤ መረጃ አይሆንም። እንዲህ ይጠይቁ፦ «እማማ፣ ልጅ ሳሉ የበልግ ገብስ የሚዘራው መቼ ነበር? ከጥምቀት በኋላ ስንት ሳምንት ቆይቶ? አሁንስ?» «የትኛው ምንጭ ነው በጋውን ሙሉ የማይደርቀው የነበረ? አሁን በየትኛው ወር ይደርቃል?» ሼህ አሊያም ቄስ ቢሆኑ ዘመኑን በማይንቀሳቀስ ቀን ያስይዟቸው። ረመዳንና አረፋ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ስለሚሸሹ የወቅት ምልክት አይሆኑም። ፋሲካም ይንቀሳቀሳል። ጥምቀት፣ ህዳር ሚካኤል፣ መስቀል ይሻላሉ። እኔ የማውቃቸው ሙስሊም ገበሬዎችም ለእርሻ የሚቆጥሩት በእነዚሁ ነው።

በልግ ለደቡብና ለሰሜን ወሎ ደገኛ ትልቅ ነገር ነው። ከየካቲት ጀምሮ የሚዘንበው፣ እርጥበቱን በአብዛኛው ከሕንድ ውቅያኖስ የሚያመጣው ዝናብ ነው። ሲቀር ሙሉ ምርት ይቀራል። ከክረምቱ ጋር እያነጻጸሩ ይዩት። የ2008ቱ ድርቅ የመጣው ፓሲፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ፣ በኤልኒኖ ጊዜ ነው። እንደዚያ ያለ ሩቅ ባሕር የኩታበርን ማሳ እንዴት ይነካል? የጂኦግራፊ ባልደረባዬ ይህን በካርታ ሲያስረዳ እኔም ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

አረጋውያን ጋር ሲደርሱ ስለ 66 እና ስለ 77 መነሳቱ አይቀርም። ልጆቹን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ያ ዘመን የቤተሰባቸው ሐዘን ነው። የማይፈልጉትን አይጠይቁ፣ ካለቀሱ ደብተሩን ይዝጉ። ክፍል ውስጥ ደግሞ አንድ ነገር በግልጽ ንገሯቸው፦ ድርቅና ረሃብ አንድ አይደሉም። ዝናብ ሲቀር ድርቅ ነው። በ66 መንግሥት እልቂቱን ባይሸፍን፣ በ77 ጦርነት ባይኖር ኖሮ ያ ሁሉ ሰው ባላለቀ ነበር። የወሎን ረሃብ «የአየር ንብረት ነው» ብሎ መዝጋት ልጆቹን ማሳሳት ነው፤ የሞቱትንም መበደል ነው።

የጠርሙሱን ሙከራ ተዉት

ስለ ሙቀት አማቂ ጋዞች (ምድር የምትለቀውን ሙቀት ይዘው ስለሚያስቀሩ ጋዞች) ለማስተማር ብዙዎቻችን የምናውቀው ሙከራ አለ። ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ ተቀላቅሎ አንዱ ጠርሙስ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሞላል፣ ሌላው በተራ አየር። ሁለቱም ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው ይበልጥ ሲሞቅ ሁሉም ያጨበጭባል። ውጤቱ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳል፤ ጠርሙሱ ውስጥ እንደ ልቡ አይዘዋወርም፣ ስለዚህ ሙቀቱን ቶሎ አያጣም። ሙቀት አማቂ ያልሆነው አርጎን ቢሞላበትም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። በትክክለኛ ውጤት የተሳሳተ ፊዚክስ ማስተማር ልጆቹን ይጎዳል።

በምትኩ የእኛን ሌሊት ተጠቀሙ። ህዳር ላይ በጠራ ሌሊት አንድ ቴርሞሜትር ክፍት ሳር ላይ፣ ሌላው እዚያው አጠገብ ከተዘረጋ ጃንጥላ ሥር ይቀመጥ። ክፍት ላይ ያለው ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ምድር የምትለቀውን ሙቀት ጃንጥላው ከፊሉን ይመልሰዋል። ቀጥሎ ልጆቹ ከመዝገባቸው የደመናማ ሌሊትንና የጠራ ሌሊትን የቀንና የማታ ልዩነት ያነጻጽሩ። ደመና ያደረበት ሌሊት ያን ያህል አይበርድም። የውሃ ተንና ደመና የሚሠሩትን በራሳቸው ቁጥር አዩ ማለት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዓይን የማይታይ ቢሆንም ሥራው የዚሁ ዓይነት ነው።

ከዚህ በኋላ ታሪኩን ንገሯቸው። በ1856 እ.ኤ.አ. ዩኒስ ፉት የተባለች አሜሪካዊት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሞላው የመስታወት ቱቦ ፀሐይ ላይ ከሌላው ይበልጥ እንደሚሞቅ አሳየች፤ ይህ ጋዝ ቢበዛ ምድር እንደምትሞቅም ገመተች። ሙከራዋ ግን ከላይ ተዉት ካልኩት ጠርሙስ ጋር ስለሚመሳሰል ምክንያቱን ለይቶ አያሳይም። በ1859 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ሊቁ ጆን ታይንዳል ጋዞች ዓይን የማያየውን ሙቀት እንደሚውጡ በመሣሪያ ለካ። ሴት ተማሪዎቼ የፉትን ታሪክ ሲሰሙ ቀና ይላሉ። እነዚህ ጋዞች እንደ ብርድ ልብስ ባይሸፍኑን ኖሮ የምድር አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 18 ይሆን ነበር፤ ዛሬ 15 ገደማ ነው። ስለዚህ ጋዙ ራሱ ጠላት አይደለም፤ ችግሩ መብዛቱ ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. ሃዋይ ላይ መለካት ሲጀመር ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 315 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። አሁን ከ420 አልፏል። የኦዞን መሳሳት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ልጆች ስለሚቀላቅሉት ለይታችሁ ንገሯቸው።

ነጥብ አሰጣጥ

የተፈበረከ ቁጥር የዚህ ሥራ ትልቁ ጠላት ነው። ሰኞ 14፣ ማክሰኞ 14.5፣ ረቡዕ 15፣ ሐሙስ 15.5 የሚል ሠንጠረዥ ካያችሁ በአንድ ማታ፣ በአንድ እስክሪብቶ የተሞላ ነው። እውነተኛ ልኬት ይዘላል፣ ይመለሳል፣ ክፍተት አለው። መጀመሪያ ቀን ላይ ንገሯቸው፦ ባዶ ቦታ ነጥብ አያስቀንስም፣ «አልለካንም፣ ሰርግ ነበር» ብሎ መጻፍ ያስመሰግናል፣ የፈጠራ ቁጥር ግን ዜሮ ነው። ከዚያ ቃላችሁን ጠብቁ። አንድ ጊዜ ባዶ ቦታ ከቀጣችሁ ሁለተኛ እውነት አታገኙም።

ነጥቡን ግማሹን ለቡድኑ መዝገብ፣ ግማሹን ለእያንዳንዱ ልጅ የቃል መልስ እሰጣለሁ። የቃሉ ጥያቄ ግን ልጁ ስለሠራው ሳይሆን ጓደኛው ስለሠራው ነው። አስሊውን ስለ ልኬቱ፣ ለካኟን ስለ ግራፉ። እያንዳንዱ መልስ «ይህን ከየት አወቅክ?» በሚል ይከተላል። «ከመጽሐፍ» ካለ ትክክል ነው። «ከኮምቦልቻ ቡድን ቁጥር» ካለ ግን ይበልጣል።

ክረምት ሲመጣ

ዋናው ዝናባችን የሚጥለው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ካልተለኩ የዓመቱ መዝገብ ጎዶሎ ነው። ስለዚህ ሰኔ ላይ ከመለያየታችሁ በፊት ሃይላንዶቹ ከግቢ ወጥተው ወደ ልጆቹ ቤት ይሂዱ። ለአንድ ሰፈር ሁለት ልጅ መድቡ፤ አንዱ ገጠር ዘመድ ቢሄድ ሌላው ያነባል። ሠንጠረዡ አራት ዓምድ ይበቃዋል፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ሚሊሜትር፣ የለካው ልጅ ስም። ወሩ ሲያልቅ ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይላኩ። መዝገቡን መስከረም ላይ ተቀብላችሁ በአንድ ትልቅ ደብተር ገልብጡትና ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አስቀምጡት፤ የሚቀጥለው ዓመት ክፍል የሚጀምረው ከዚያ ደብተር ነው።